በግምገማው ላይ ያልተናገርኩት

የከተማችን የእግር ኳስ ቡድን ልብስ አጣቢ ሆኜ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሠርቻለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም የሊግ ጨዋታ በዓይኔ አላየሁም። ውድድሩ የሚካሄደው ሌላ ከተማ ስለነበር ተጫዋቾቹ በአውቶቡስ ይሄዳሉ፣ እኔ ሚዛን አማን ከተማ ያለው ካምፕ ውስጥ እቀራለሁ። የማውቀው ልምምዳቸውን ብቻ ነው፤ እሱንም ከልብሳቸው።

ሚዛን ዝናብ አያጣትም፤ የልምምድ ሜዳውም ቀይ ጭቃ ነው። ማልያው ሳፋ ውስጥ ሲገባ ውሃው ወዲያው ይቀላል። አጥቤ ስጨርስ የግቢው ባለቤት ቡና በሚያሰጡበት የሽቦ አልጋ ላይ እዘረጋዋለሁ። የሰው ፊት ለማየት ስለማፍር ተጫዋቾቹን የማውቃቸው በቁጥራቸው ነበር። የዘጠኝ ቁጥር ቁምጣ እንደወጣ ንጹሕ ሆኖ ይመለሳል። የስድስት ቁጥር ካልሲ ተረከዙ ላይ ቶሎ ይበሳል፤ ብዙ ይሮጣል ማለት ነው። ከሁሉም የሚያስቸግረኝ የሁለት ቁጥር፣ የቀኝ መስመር ተከላካዩ ልብስ ነበር። ከጉልበት እስከ ወገብ ጭቃ ተጋግሮበት ስለሚመጣ ሁለቴ ካልዘፈዘፍኩት አይለቅም። አንዳንዴ በልቤ እረግመው ነበር።

የበረኛው ማልያ ደግሞ የሚቆሽሸው በግራ ጎኑ ብቻ ነው። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። በኋላ ቀኝ ትከሻው ላይ የመታሻ ቅባት ሸተተኝ። አንገትጌውም ተለጥጧል፤ በአንድ እጁ እየጎተተ ነው የሚያወልቀው። በቀኝ በኩል ለሚመጣ ኳስ እንደማይወድቅ ያኔ ገባኝ። የበረኛ አሰልጣኝ ስላልነበረን ማንም አላየውም። አንድ ቀን ማልያውን ይዤ ሳገላብጥ በረኛው ድንገት ደረሰብኝ።

«አወቅሽብኝ አይደል?» አለኝ።

መሬት መሬት አየሁ።

«እህቴ፣ አደራ። አሰልጣኙ ከሰማ ውሌን ያፈርሱታል። ለሁለተኛው ዙር ይሻለኛል።»

ራሴን ነቅንቄ እሺ አልኩት። ደግ ሰው ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ አብሮኝ ልብስ የሚያነሳው እሱ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ቡድናችን ከግርጌ ሁለተኛ ሆኖ ተመለሰ፤ ግምገማም ተጠራ። ግምገማ ከተባለ ማንም አይቀርም፤ ጥበቃውም ወጥ ሠሪዋም እኔም መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ተቀመጥን። ቡድን መሪው ጥቁር ሰሌዳውን ለሁለት ከፍሎ በአንዱ «ጠንካራ ጎን»፣ በሌላው «ደካማ ጎን» ብሎ ጻፈ። ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ሰሌዳ ፊት ተቀምጬ ስለማላውቅ ገና ሳልጠየቅ ሻሼን ወደ ግንባሬ ሳብኩ።

በጠንካራ ጎን በኩል «የቡድን መንፈስ» ተጻፈ። ቀጥሎ «ዲሲፕሊን»። ከዚያ ሌላ አልተገኘም። ደካማው ጎን ግን ቶሎ ሞላ። አጥቂዎቹ አያገቡም። ከዕረፍት መልስ ይደክማሉ። አንዱ ምግቡ ዘይት ይበዛዋል ሲል ወጥ ሠሪዋ እትዬ ከኋላ ተነሱ።

«ኳሱን መረብ ውስጥ የከተተው የእኔ ሽሮ ነው እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ሲበርድ አሰልጣኙ ደብተሩን ገለጠ።

«የገቡብንን ግቦች አንድ በአንድ አይቻለሁ። አብዛኞቹ በቀኛችን በኩል ነው የገቡት። ቀኝ መስመራችን ክፍት ነው።»

ሁሉም ወደ ሁለት ቁጥር ዞረ። እሱ የሸኮ ሰው ነው፤ አማርኛ አፍ የፈታበት ስላልሆነ ሲናገር ቃል ይፈልጋል።

«እኔ... እሮጣለሁ» አለ። «እሮጣለሁ እኮ።»

«መሮጥማ ፈረስም ይሮጣል!» አለ ቡድን መሪው።

እንደገና ተሳቀ። ሁለት ቁጥር ዓይኑን በፊታችን ላይ አንከራተተ። በረኛው አልሳቀም፤ ጫማውን ያይ ነበር።

ተራው እኔ ጋ ደረሰ። «አንቺስ እህቴ? አንቺም የቡድኑ አካል ነሽ፤ ያየሽውን ተናገሪ» አለኝ አሰልጣኙ።

የምለው ነገር ልቤ ውስጥ ተሰድሮ ነበር። ሁለት ቁጥር ከሁሉም በላይ ይወድቃል ይነሳል፣ በቀኝ የማይወድቀው በረኛው ነው። ይኸው ነው፣ ከዚህ አይረዝምም። አፌን ከፈትኩ።

«ሳሙና... ቢጨመር» አልኩ።

ቡድን መሪው እየሳቀ ጻፈው። «የሳሙና እጥረት»፣ «ቀኝ መስመር» ከሚለው ሥር።

በሳምንቱ ሁለት ቁጥርን አሰናበቱት። ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ እኔ መጣና ልብሱን አስረከበኝ። ራሱ አጥቦት ነበር። «አስቸግሬሻለሁ» ብሎኝ ሄደ።

ሁለተኛውን ዙር ከእትዬ ጋር በሬዲዮ ተከታተልነው። በእሱ ቦታ ሌላ ተከላካይ ገባ፤ ግቡም በዚያው በቀኝ በኩል መግባቱን ቀጠለ። በሦስተኛው ጨዋታ የበረኛው ትከሻ ወለቀ። ከዚያ ወዲያ ጓንት አላጠለቀም። ቡድኑም ከሊጉ ወረደ፣ ካምፑም ተዘጋ። ያኔ ብናገር ኖሮ በረኛውም በጊዜ ይታከም ነበር ይሆናል።

ለብዙ ጊዜ «አደራ ላለመብላት ነው ዝም ያልኩት» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ውሸት ነው። በዚያች ሰዓት አደራው ትዝም አላለኝም። የፈራሁት የሰው ዓይን ነው።

አሁን ቴፒ እህቴ ጋ ነው የምኖረው። ባለፈው የቡና ወቅት ሁለት ቁጥርን መጋዘን በር ላይ ጆንያ ሲጭን አየሁት። ሁለቴ አልፌው ሄጄ በሦስተኛው ቆምኩ። ሰላም እንኳ በቅጡ ሳልለው የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። ላቡን በክንዱ እየጠረገ ሰማኝ።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ያን ቀን እኮ የሚመሰክርልኝ ሰው በዓይኔ ስፈልግ ነበር» አለ። «አንቺ ጋ ስደርስ ዘለልኩሽ። ልብስ አጣቢ ምን ታውቃለች ብዬ።»

«አንተ፣ ና እንጂ! መኪናው ሊሄድ ነው!» ብሎ ሾፌሩ ጮኸበት። ጎንበስ ብሎ ጆንያውን ተሸከመ።

ባይዘለኝና ዓይን ለዓይን ብንገናኝ ኖሮ እንኳ እናገር እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም። ይህን ግን አልነገርኩትም።