የጋሼ ተሰማ እምቢታ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ የአፓርትማዋን ሊዝ፣ የኪራይ ውሉን፣ ያደሰችው ቀይ መብራት ላይ ቆመን ነው። እሷ የምትኖርበት ፍሪስኮ ድረስ ሄጄላት ምሳ ልትጋብዘኝ በእሷ መኪና ስንሄድ ስልኳ ጮኸ። አየት አደረገችው፣ በአውራ ጣቷ ሁለቴ ነካ ነካ አደረገችና "ዳን! አለቀ፣ ሪኒው አደረግኩት፣ ማሚ" አለችኝ። መብራቱ አረንጓዴ ሳይሆን የአንድ ዓመት ቤት ተፈረመ። "አንብበሽዋል?" ብላት "ኦኬ ነው፣ ያው ነው" ብላ ነዳች። ያው ነው! ያው ያልሆነበትን ጊዜ ስለማውቅ፣ እዚያው መኪና ውስጥ እንዲህ ብዬ ጀመርኩላት።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። የምኖረው እዚሁ ቴክሳስ፣ ኧርቪንግ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ከአባቴ ታናሽ ወንድም ከጋሼ ተሰማ ጋር ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል፤ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ብርጭቆዎቻችን ይንጫጫሉ። እኔ ኮሌጅ እማራለሁ፤ ጋሼ የአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ይሠራሉ። አንድ ዓይናቸው በልጅነታቸው ስለተጎዳ መንጃ ፈቃድ አላገኙም፤ እኔም ገና መኪና አልነበረኝም። እዚህ አገር መኪና የሌለው ሰው ኑሮው ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። ያ ቤት ግን ከሆቴሉ በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። በሐምሌ ሙቀት፣ አስፋልቱ ከጫማ ሥር እየለሰለሰ፣ ጋሼ ሽሯቸውን በእርጎ ዕቃ ቋጥረው፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከሀይዌዩ ዳር ሣር ሣሩን ይሄዳሉ። የሚነዳው ሁሉ ዞር ብሎ ያያቸዋል። ቤቱ ከሄደ ሥራቸውም ሄደ ማለት ነበር።

አንድ ቀን ከኮሌጅ ስመለስ በራችን ላይ ወረቀት ተለጥፏል። "ለመልቀቅ በወሰናችሁት መሠረት በወሩ መጨረሻ ቁልፍ አስረክቡ" ይላል። ሁለቴ አነበብኩት። ማን ነው የወሰነው? ስገባ ጋሼ ሽንኩርት እየከተፉ ነው።

"ጋሼ፣ ቤቱን እንለቃለን ብለዋል እንዴ?"

"እኔ? ምን በወጣኝ እለቃለሁ!"

"ታዲያ ቤቱን ከሚያከራየው ኦፊስ ሴትዮ ጋር ምን ተባባላችሁ?"

ቢላዋውን አስቀመጡ። "ደብዳቤ ልወስድ ስገባ አንድ ዓመት ትጨምራላችሁ ወይ አለችኝ። ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ አልኳት።"

"ለምን?"

"ገና አንዴ መጠየቋ እኮ ነው!" አሉኝ፣ ነውር የሠራሁት እኔ እስክመስል ድረስ።

ይሄን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ጋሼ መጀመሪያ ሲጠየቁ እሺ ብለው አያውቁም። ሰው ቤት ሄደው፣ ረሃብ ሆዳቸውን እየሞረሞረው፣ "አሁን በልቼ ነው የመጣሁት" ይላሉ። ባለቤቷ "በሞቴ" ትላለች፤ "ኧረ ተዪኝ" ይላሉ። "አፈር ስሆን!" ስትል፣ ያኔ ለእሷ ብለው ጥቂት ቀረብ ይሉና ትሪውን ጠርገው ይነሳሉ። እኔም ያደግኩት በዚሁ ነው። ግን ኧርቪንግ ውስጥ ቤት የሚያከራይ ኦፊስ ማንን "አፈር ስሆን" ብሎ ይለምናል?

"ከዚያ ወረቀት ሰጠችኝና ፈረምኩላት" አሉ።

"ሳያነቡ?"

"ፊቷ ቆሜ ባነብ ያላመንኳት አይመስላትም? ትደግመኛለች ብዬ ይኸው ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። ጠዋት ጠዋት በኦፊሷ በር በኩል ነው የማልፈው። እሷ ግን እጇን ታወዛውዝልኛለች እንጂ አትጠይቀኝም።"

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ንዴቴ ቀደመው። "ጋሼ፣ አሜሪካ ውስጥ ሰው አንዴ ነው የሚጠየቀው!" ብዬ ጮህኩባቸው። ከዚያ በፊት ጮኼባቸው አላውቅም። ሽንኩርቱን ከትፈው ጨረሱ፤ ወጡን ግን ያን ቀን አልሠሩትም።

በማግስቱ ክራቫት አሥረው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ወደ ኦፊሱ ተከተሉኝ። ሴትዮዋ ትልልቅ የጆሮ ጌጥ ያደረገች፣ "ስዊቲ" ሳትል ንግግሯን የማትጨርስ የቴክሳስ ሰው ናት። ቤቱን ለሌሎች ሰዎች ሰጥታዋለች። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ "እኛ አገር የመጀመሪያው እምቢ፣ እምቢ አይደለም" አልኳት።

"ታዲያ ምንድን ነው፣ ስዊቲ?"

"አክብሮት ነው። እንዳያስቸግርሽ ብሎ ነው። ሁለተኛ ስትጠይቂው ነው እሺ የሚልሽ።"

ጋሼን አየቻቸው። ክራቫታቸውን አየችው። ኮምፒውተሯን ነካካችና ለገቢዎቹ ሰዎች ኮል አደረገች፤ ማዶ ያለው ሕንፃ ላይ ባዶ ቤት ነበራት፣ እሱን ይወስዱ እንደሆነ ልትጠይቅ ነው። ጋሼ የጃንጥላቸውን እጀታ ሲያሻሹ እኔ ጥፍሬን ስበላ ቆየን። በመጨረሻ ስልኩን ዘጋች፤ ሰዎቹ እሺ ብለዋል። ወንበሯን አዙራ፣ ቀስ ብላ፣ ለእሳቸው ብቻ ተናገረች።

"ሚስተር ተሰማ፣ አንድ ዓመት ከእኛ ጋር መቆየት ይፈልጋሉ?"

ጋሼ ፈገግ አሉ። "ኖ፣ ኖ..." ብለው ሲጀምሩ እግራቸውን ረገጥኳቸው። በደንብ አድርጌ ነው የረገጥኳቸው።

"የስ" አሉ፣ መሬት መሬቱን እያዩ። ከኦፊሱ ስንወጣ "እንዲህ ስግብግብ ሆኜ አላውቅም" አሉኝ።

ቤቱ ተረፈ። እስከ ጡረታቸው ከዚያው ወደ ሆቴሉ ተመላለሱ። እኔም ተምሬ ነርስ ሆንኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ሜስኪት ከተማ ቤት ገዛሁ። ጋሼ አሁንም እዚያው ናቸው፤ ደረጃው ግን ከብዷቸዋል፣ መሀል ላይ ቆመው ያርፋሉ።

ልጄ እግራቸውን ረገጥኳቸው ያልኩት ጋ ስደርስ መሪውን እየደበደበች ሳቀች። እኔ ግን ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። ከዚያ ቅዳሜ በፊት በነበረው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ፓርኪንጉ ላይ፣ "ጋሼ፣ ለምን እኛ ጋ አይገቡም? ታች ያለው ክፍል ባዶ ነው" ብያቸው ነበር። "አይ ልጄ፣ አላስቸግራችሁም" አሉኝ። "እሺ፣ እንዳሉ" ብዬ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ሥራ ነበረብኝ። በመስታወት ሳያቸው ከቆሙበት አልተነቃነቁም ነበር።

ምን ነክቶኝ ነው? ያቺ የኦፊስ ሴትዮ እንኳ ሁለቴ ጠይቃቸዋለች። ሰው አገር ስንኖር ቋንቋቸውን ብቻ የምንማር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አንዴ ጠይቆ መሄድንም ተምሬዋለሁ። አፈርኩ፤ ከልቤ አፈርኩ።

"ምሳው ይቅር፣ ወደ ኧርቪንግ ንጂ" አልኳት።

"ጋሼ ጋ? ኮል አናደርጋቸውም?"

"በስልክ እምቢ ማለት ይቀላል።"

ጋሼ በሩን ከፍተው "ምን እግር ጣላችሁ!" አሉ። ገና ሳልቀመጥ ጀመርኩ።

"ጋሼ፣ እኛ ጋ ይግቡ።"

"አይ ልጄ፣ አላስቸግራችሁም አልኩሽ እኮ።"

"በሞቴ።"

"ኧረ ተዪኝ፣ ሽማግሌ ምን ያደርግላችኋል።"

"አፈር ስሆን፣ ጋሼ!"

ዓይናቸውን ወደ ጠረጴዛው መለሱ። ጠረጴዛው ላይ የዘንድሮው የሊዝ ማደሻ ወረቀት ተዘርግቷል፤ እስክሪብቶው ላዩ ላይ ነው፤ መፈረሚያው ባዶ ነው። አንስቼ ቀኑን አየሁት። ሊያልፍ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

"ምነው እስካሁን አልፈረሙም?" አልኳቸው።

"ምናልባት ትደግሚኛለሽ ብዬ" አሉኝ።