ጋሽ ወልደጻድቅና የእናታቸው ውሃ

ጋሽ ወልደጻድቅ በየማለዳው ሱቃቸውን እንደከፈቱ፣ ትንሿ ጣታቸው ላይ ያለውን የእናታቸውን ቀለበት አውልቀው ጥቁሩ የወርቅ መፈተኛ ድንጋይ ላይ አንዴ ጫር ያደርጉታል። ቀላ ያለች ቀጭን መስመር ትቀራለች። ትንሽ ያዩዋትና በአውራ ጣታቸው ይጠርጓታል። “ፍተሻ አይደለም” ይላሉ፤ “ደህና አደርሽ ማለቴ ነው።”

ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ወርቅ ሲሠሩ ሸብተዋል። የተወለዱት ግን ከሐዋሳ በስተደቡብ፣ ወርቅ በሚታጠብበት አገር ነው። እናታቸው ክረምቱ አልፎ ወንዙ ሲጎድል በእንጨት ገበቴ አሸዋ ያጥቡ ነበር፤ ያውም ለሚዳር ልጅ ቀለበት እስኪበቃ ብቻ። ሲበቃ ገበቴውን ደፍተው ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ።

ታሪካቸውን ልጽፍ ሱቃቸው እመላለሳለሁ። “ከብቱ ከእኛ ዝቅ ብሎ ይጠጣል። እኛ እዚያው ራሳችንን እንታጠባለን። ጠጠሩ ከሥር ይታይሻል” ሲሉኝ ድምፃቸው የልጅ ይሆናል።

ያ ወንዝ ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። ፈቃድ የሌላቸው ቆፋሪዎች ፓምፕና ወርቁን ከአሸዋ የሚለዩበትን መርዛም ሜርኩሪ ይዘው ገቡ። ዳርቻው ጉድጓድ ብቻ ሆነ፤ ውሃው ደፈረሰ፤ ከብቱ እየከሳ አለቀ። የእህታቸው የታቢታ ልጅ እዮኤል፣ የቆፈረው ጉድጓድ ተደርምሶበት እዚያው ቀረ። ታቢታ ቤቷን ነቅላ ወደ ላይ ወጣች፤ ወንዙን ከሚመግቡት ጅረቶች ገና ቆፋሪ ወዳልደረሰበት ወደ አንዱ። የእናታቸው ቀለበት ወርቅም የታጠበው እዚያ ነው።

በቀደም ጠዋት ሳዳም በጨርቅ የቋጠረውን ወርቅ ይዞ፣ ከአውቶቡስ ወርዶ በቀጥታ ወደ ሱቁ መጣ። ከቆፋሪዎቹ ወርቅ እየገዛ በድብቅ የሚያመላልስ፣ ሳቂታ ወጣት ነጋዴ ነው። እኔም ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። ድንጋዩ ላይ ያለችው መስመር ገና አልተጠረገችም።

“ጋሼ፣ ይቺ እኔ የማመጣው ዓይነት አይደለችም። የኔው ነጣ ይላል። ከየት ናት?”

“ከእናቴ።”

“እናትዎስ ከየት አመጧት?”

“ከአባቴ።”

“ኧረ ጋሼ፣ ልጅዎ አይደለሁ እንዴ! ሾላ ያለበት ጅረት ያሉኝ አይደል? በቀደም ጀምረውልኝ ሰው ገባብን።”

ስለዚያ ውሃ ሲጠየቁ ዝም ማለት አያውቁበትም። ፊታቸው በራ። “ሾላውማ…” አሉ፤ እጃቸውም አቅጣጫ ሊያሳይ ተነሣ። የሳዳምን ቋጠሮ ሲያዩ ግን እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ቀስ ብለው አወረዱትና መስመሯን ጠረጉ።

“ሾላው ወድቋል” አሉ።

“ውሃውስ?”

“ደርቋል። የያዝከውንም እዚህ እንዳትፈታው፤ አልገዛም።”

“እርጅና መጣ መሰለኝ፣ ጋሼ!” ሳዳም እየሳቀ ወጣ። እሳቸው መዶሻቸውን አነሡ።

ከሰዓት በኋላ እውነቱን ነገሩኝ። ሾላው እንደቆመ ነው፤ ታቢታም ከሥሩ ውሃ ትቀዳለች። የጅረቱን ስም፣ የት እንደሚታጠፍ፣ እናታቸው የትኛው ድንጋይ ላይ ይቀመጡ እንደነበር፣ ሁሉንም ነገሩኝ። ሲያወሩ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ።

“በሕይወት ያለውን ውሃ ሞቷል ብዬ አረዳሁት” አሉ።

“ታሪኩን ባልጽፈውስ?” አልኳቸው።

“ጻፊው እንጂ። ገበቴዋንም፣ እዮኤልንም ጻፊ።”

“ሾላውንስ?”

“ሾላማ የትም አለ።” ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። “የጅረቱን ስም ግን ተዪልኝ፣ ልጄ። እኔም ከእንግዲህ አልጠራውም።”