ከላሞቹ በኋላ የመጣው ፈረስ

የጥንት የድንጋይ ቅርጽ አይነካም ይባላል። ስህተት ነው። የነካው ሰው ባይኖር ኖሮ ቅርጹም አይኖርም፤ ድንጋዩ ድንጋይ ሆኖ ይቀር ነበር።

በእንጅባራና በአዲስ ቅዳም መካከል፣ ከአጎቴ የገብስ ማሳ በላይ፣ ጠቆር ያለ ሰፊ ቋጥኝ አለ። ላሞችና ሰዎች ተወቅረውበታል። ላሞቹ በጎን የቆሙ ናቸው፤ ቀንዶቻቸው ግን ከላይ የታዩ ይመስል ግራና ቀኝ ተከፍተዋል። ሰዎቹ እጃቸውን ዘርግተዋል፤ እየጨፈሩ ይሁን ከብት እየመለሱ አውቃለሁ የሚል ሁሉ ይዋሻል። በልጅነቴ ማን እንደሠራቸው ያስጨነቀው ሰው አላየሁም። አገሩን ቅር የሚያሰኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፈረስ የለም። አገው ፈረስ በሌለበት ሥዕል ውስጥ ራሱን አያገኝም። የቀድሞ ሰዎች ድሆች ነበሩ ተብሎ ታለፈ።

በሃምሳዎቹ፣ ከዳንግላ ትምህርት ቤት ለክረምት በተመለስኩበት ዓመት፣ የአጎቴ ዳማ ፈረስ ሞተ። በጥር ጊዮርጊስ ጉግስ ስሙን ያስጠራው ፈረስ ነበር። ሆዱን ነፋውና ወደቀ፤ አልተነሣም። ለሰው ለቅሶ ይደረሳል፤ ለፈረስ የሚደርሰው ጅብ ነው። አጎቴ ጉድጓድ ቆፍሮ ሊቀብረው ቢነሣ ጎረቤት ሳቀበት። ከዚያ ወዲያ ከቤት መውጣት ተወ፤ እህል አልቀምስ አለ፤ ገብሱን አረም ዋጠው።

ሚስቱ፣ አክስቴ፣ እኔ ብሞት እንዲህ አትሆንልኝም እያለች ስትወርፈው ሰነበተች። አንድ ጠዋት ግን የወፍጮዋን መውቀሪያ ይዛ ወደ ቋጥኙ ወጣች። በእኛ አገር የደነዘ ወፍጮ የሚወቅሩት ሴቶች ናቸው፤ የቋጥኙም ቅርጽ በዚያው መንገድ፣ በጥቃቅን ምት የተሠራ ነው። እሷ ከላሞቹ ጎን ፈረስ ስትወቅር አጎቴ ተከትሏት ወጥቶ፣ አጠገቧ ቆሞ አንገቱን አስረዝሚው፣ ጅራቱን አንሺው እያለ ያዛል። እሷም ፈረስህ ይህን ያህል አያምርም ነበር ትለዋለች። ያን ቀን እራቱን በላ።

ወሬው ሲዛመት ሽማግሌዎች ቋጥኙ ዘንድ ተሰበሰቡ። የሁሉ ታላቅ የነበሩት አዛውንት ፈረሱ እንዲፋቅ በአገውኛ አዘዙ። በቀደሙት ሰዎች ሥራ ላይ እጅ መጨመር መዓት ያመጣል፤ በረዶ ገብሱን ቢመታው ማን ይጠየቃል? አንድ ጎረምሳ መዶሻ ይዞ ብድግ አለ። አጎቴ መሬት መሬቱን ያያል።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች አክስቴ። «እነዚህን ላሞች የወቀሩት ሰዎች ማንን አስፈቅደው ነው?»

አዛውንቱ ወደ ቋጥኙ ዞሩ።

«እንጃ። ምናልባት ላማቸው ሞታባቸው ይሆናል።»

«የእኛም ፈረስ ሞቶብናል።»

አዛውንቱ በትራቸውን ተደግፈው ወደ ፈረሱ ተጠጉ፤ በጣታቸው ዳሰሱት።

«ጆሮው የአህያ ነው» አሉ። «አሳጥሪው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አጎቴም ሳቀ። ጎረምሳው መዶሻውን አስቀመጠ። ድንጋይ ላይ የረዘመ ጆሮ እንደማያጥር አክስቴ ለማንም አልተናገረችም፤ እስካሁን እንደረዘመ አለ።

ዛሬ ካሜራ ያንጠለጠሉ ምሁራን እየመጡ ፈረሱ የኋላ ሰው ጥፋት ነው፣ በሽቦ ብሩሽ ይነሣ ይላሉ። እኔም መጻሕፍቱን አንብቤአለሁ። ላሞቹን ግን ከእነሱ ይልቅ ቀረብ ብዬ አይቻለሁ፤ የአንዷ ቀንድ በሌላዋ እግር ላይ ወጥቶ ተወቅሯል። ላሞቹም በአንድ ቀን አልመጡም፤ እያንዳንዷ ለቀደመችው የኋላ ሰው ጥፋት ናት። ጥፋት ሁሉ ይነሣ ካልን ቋጥኙ ባዶ ይቀራል።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ በዚያ በኩል ካለፍህ ብሩሽህን ቤትህ ተውና ሂድ። ፈረሱን አትፋቅብን።