ከኋላው ሞላ የሌለው ፍሬም

ሳሎኔ ግድግዳ ላይ አንድ የብስክሌት ፍሬም ተሰቅሏል። ጎማ የለው፣ መሪ የለው። እንግዳ ሲጠይቀኝ «የሚሸጥ ነው» እላለሁ። አይሸጥም።

ልጄ ቀወት ገጠር ውስጥ ማስተማር ስትጀምር እስከ ትምህርት ቤቷ ባጃጅ አይገባም ነበር። መንገዱ ድንጋይ ነው፤ መሐል ላይ ደረቅ ወንዝ፣ ከወንዙ በፊት ቁልቁለት። ክረምት ሲገባ ጥቁሩ ጭቃ እግር ይዞ አይለቅም። ድንጋዩንም ጭቃውንም የሚችል ብስክሌት ያስፈልጋት ነበር።

ብስክሌት አውቃለሁ። አባቴ ሸዋሮቢት ገበያ ዳር ብስክሌት ይጠግን ነበር፤ እስካገባ ድረስ ከጎኑ ተቀምጬ ሠርቻለሁ። ጣቶቼ ከግራሶ ከጸዱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ለባሌ ቤተሰቦች ግን እንደ ጠቆሩ ቀርተዋል።

ፍሬሙን ከከተማው ብስክሌት ሱቅ አስቀድሜ መርጬ ነበር፤ የቀረውን ዕቃ እኔው እገጥምለታለሁ ብዬ። ወፍራም ብረት ነው፤ ሞላ የሚገባለት ከፊት ብቻ፣ ኋላው ድርቅ ያለ። ገልብጬ ከመሪው አንገት ሥር ያለውን ብየዳ በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት። ወጥ ነው፤ እዚያ ላይ ትንሽ ብረት ተደርቦለታል። በጎማውና በብረቱ መካከል ጭቃ የሚያሳልፍ ቦታ አለው። የላይኛው ብረት ዝቅ ስለሚል ልጄ በቀሚሷ ድንገት መውረድ ቢያስፈልጋት አይይዛትም። ወስጄ አሳየኋት፤ ብየዳ እንዴት እንደሚዳሰስም አስተማርኳት።

«በቃ፣ ይሄ ነው» አለችኝ።

ይህን የባሌ ታላቅ ወንድም ሰማ። ፊት ለፊት «አንቱ» ስለው ዕድሜዬ አልቋል፤ እዚህ «እሱ» ይበቃዋል። «ለወንድሜ ልጅ የምገዛላት እኔ ነኝ» ብሎ ባሌን፣ እኔንና ልጄን አስከትሎ ሱቁ ገባ። የእኔን ፍሬም ዞሮም አላየው። መሐሏ ላይ ትልቅ ሞላ ያለባትን ቀይ ብስክሌት ጎተተና መቀመጫዋን ተጫነው። ወረደ፣ ተነሣ።

«አያችሁ? አልጋ ናት! ሸዋሮቢት ተኝተሽ ቀወት ትነቂያለሽ።»

ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔ የማየው ሞላው ሥር ያለውን ብየዳ ነበር፤ የተጎራበጠ፣ መሐሉ ቀዳዳ ያለበት፣ በቀይ ቀለም የተሸፈነ።

«ጋሼ፣ ከኋላ ሞላ የሌለው ቢሆን...»

«እንዴ! የጠጋኙ ልጅ፣ መፍቻሽን ይዘሽ ነው የመጣሽው?»

እንደገና ተሳቀ። ባሌ ወለሉን ያያል። ስጦታ በሰው ፊት አይነቀፍም ብዬ ዝም አልኩ። ልጄ ዞራ አየችኝ። እኔ ሻሼን አስተካከልኩ።

«አላህ ይስጥልኝ፣ አባባ» አለችው አጎቷን።

ክረምቱ እንደወጣ ልጄ ቁልቁለቱን ስትወርድ ያ ብየዳ ለቀቀ። ገበሬዎች በቃሬዛ አመጧት። ጉልበቷ እስከ ዛሬ አይታጠፍም። የምትወደውን ማስተማር ትታ አዲስ አበባ ቢሮ ተቀጠረች።

እሱ ለጠያቂው ሁሉ «ቀደር ነው፤ ደግሞስ ሴት ልጅን ምን ያስጋልባታል?» ሲል ከረመ። ቀደርን፣ የአላህን ውሳኔ፣ አምናለሁ። ብየዳውን ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ባሌም እስኪሞት ድረስ ስለዚያ ቀን ትንፍሽ አላለም። ሁለቱንም ይቅር አላልኩም፤ አልቸኩልምም።

የእኔን ፍሬም የገዛሁት ልጄ ገና ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ነው። ሻጩ «አሁን ለማን ነው፣ እትዬ?» ሲለኝ «ጠቅልልልኝ» አልኩት። ባሌ እስካለ አልጋ ሥር ነበር። ከሞተ በኋላ ሰቀልኩት።

ባለፈው ኢድ ልጄ መጣች። እግሯን እየጎተተች ግድግዳው ጋ ሄደች። ከመሪው አንገት ሥር እጇን ሰደደችና ብየዳውን ዳሰሰችው፤ እንዳስተማርኳት፣ በአውራ ጣት፣ ቀስ ብላ።

«ያ ነው አይደል?»

«ነው።»

«ሳቁብሽ እኮ፣ አውቃለሁ።» እጇን አላነሣችም። «ግን እማ፣ እሳቸውን ከማመስገኔ በፊት አንቺን አየሁሽ።»

ለእሱ የሚሆን መልስ ስንት ዓመት ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ። ለእሱ ብቻ። ሻሼን አስተካከልኩ።