ለካሚዮን የነደደ ወይራ

ጣሊያን በመንደራችን በገሳይ፣ ከጉና ሥር፣ የካሚዮን ማቆሚያ ሲሠራ አጥሩን ከቤቴ ጓሮ አስጠግቶ ሠራው። እኔን አልጠየቀም፤ ማንንስ ጠይቆ ያውቃል! እንዲያውም እንደ ውለታ ቆጥሮ የሌሊት ዘበኛ አድርጎ ቀጠረኝ። ጠመንጃ አልሰጡኝም፤ ዱላና ፋኖስ ብቻ። ሥራዬ ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ የሚያልፉትን ካሚዮኖች ሌሊቱን እየዞሩ መጠበቅ ነበር።

ካሚዮኖቹ እዚያ ያድራሉ ይባላል እንጂ፣ ማደር ማለት ዝም ብሎ መተኛት ከሆነ አንድም ሌሊት አላደሩም። ከኅዳር ጀምሮ የጉና ውርጭ ሲወርድ፣ ማታ ሞተሩን ያጠፋ ሾፌር ጧት አያስነሣውም። ዘይቱ እንደ ሞራ ይረጋል፣ ውሃው በሆዱ ውስጥ በረዶ ይሆናል፣ ሁለት ጎረምሳ የማስነሻውን ብረት፣ ማኖቬላውን፣ እየተቀባበለ ቢያሽከረክር ክንዱ ይዝላል እንጂ ሞተሩ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ሾፌሮቹ ሞተሩን ሳያጠፉ ትተውት ይተኛሉ። ስድስት ሰባት ካሚዮን ቆሞ ሲያጓራ ያነጋል። ከምጽዋ ድረስ በስንት መከራ የመጣ ናፍጣ አንድ እርምጃ ሳያስኬድ ጢስ ሆኖ ይቀራል። ሹማቸው በዚህ ይበሳጫል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን የናፍጣው ነገር አልነበረም። ሚስቴ ገና ከአራስ ቤት መውጣቷ ነው፤ ጢሱ በግድግዳው ስንጥቅ እየገባ ሕፃኑን ልጄን ሲያስለው ያድር ጀመር። ከማቆሚያው አጠገብ ያለው የደብራችን ካህናትም ማኅሌት ቆመው እርስ በርስ መሰማማት አቃታቸው።

እኛ ደገኞች እሳት ማሳደር እናውቃለን። ኩበት አንድዶ፣ ፍሙ ሲበስል አመድ አልብሶ መዳፈን ነው። የተዳፈነ የኩበት ፍም ነበልባል የለው፣ ድምፅ የለው፣ ሙቀቱ ግን እስኪነጋ አይለቅም። አንድ ማታ ይህን ለሹሙ አስተርጓሚ ነገርሁት። ፍሙን በቆርቆሮ አድርገን ከሞተሩ ሆድ ሥር ብናስገባ፣ ከላይ ባና ብናለብሰው፣ ውሃውን ማታ አፍስሰን ጧት አሙቀን ብንመልስበት፣ ምን ይጎድልበታል አልሁት።

አስተርጓሚው የአገራችን ሰው ነው፤ ከኔ ቤት ሦስት ቤት አልፎ የሚኖር። ጣሊያንኛውን የመንገድ ሥራ ላይ ከድንጋዩ ጋር አብሮ የለቀመው ነው። ያን ሰሞን ልጄን ክርስትና አንስቶልኝ አበልጄ ሆኗል። በኛ አገር አበልጅነት ቀልድ አይደለም። ሰው ከወንድሙ ጋር ይጣላ ይሆናል፤ አበልጅን በሸንጎ መክሰስ ግን የልጅን ክርስትና እንደ መካድ ይቆጠራል። ከዚያ ቀን ወዲህ አንቱ እንባባል ነበር። አሁን ስጽፍ "እሱ" እላለሁ፤ አንቱታውን ከነሣሁት ቆይቻለሁ።

በአንድ ካሚዮን ሞከርነው። ጧት በሁለተኛው የማኖቬላ ዙር ተነሣ። ሾፌሮቹ ከት ብለው ሳቁ፤ አንደኛው ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። በሳምንት ውስጥ ማቆሚያው ጸጥ አለ። ልጄም ተኛ። እውነቱን ልናገርና፣ ኮራሁ። ለጠላት ምን እንዳዳንሁለት አልታየኝም፤ የታየኝ የመንደሬ ዕረፍት ብቻ ነበር። የሹሙን ምስጋናና አንድ የሱፍ ካፖርት ግን አበልጄ ወሰደ፤ ለካስ "ዘዴውን ያመጣሁት እኔ ነኝ" ብሎት ኖሯል። ሳቅሁ እንጂ አልከፋኝም። ካፖርቱ ለአበልጄ ይሁን አልሁ።

ኩበቱን የሚያዋጡት የመንደሩ ሴቶች ነበሩ። ጢሱ ስለ ቀረላቸው መጀመሪያ በደስታ ሰጡ። ጥር ሲገባ ግን ክምሩ ተሟጠጠ፤ ለገዛ ምድጃቸውም ሊያጡ ሆነ። "ላሞቻችን ለካሚዮን ነው እንዴ የሚግጡት?" ብላ አንዷ ጎረቤቴ ባዶ ቁናዋን አሳየችኝ።

ያን ጊዜ የደብሩ ገበዝ አስጠሩኝ። ገበዝ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ቄስ ናቸው። በቅጥሩ ውስጥ ያለው ወይራና ጽድ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በግዝት የተጠበቀ ነው፤ ደርቆ የወደቀ ጭራሮ እንኳ ኅብስት ለሚጋገርበት ቤተ ልሔም ማገዶ ካልሆነ አይነሣም።

"ልጄ፣ እሳት አስተማርሃቸው" አሉኝ። "እሳት ደግሞ ኩበት ሲያልቅበት እንጨት አምጡ ይላል። ዛፋችንን እንዳያዩብን።"

"በኔ ይጣሉት አባቴ" አልኋቸው። "አንድ ቅርንጫፍ አይነካም።"

ከዚያ በቀጥታ ወደ አበልጄ ሄድሁ። የገበዙን ቃል ነገርሁት። ኩበቱ ካለቀ ሞተሩ እንደ ፊቱ ሳይጠፋ ይደር፣ ናፍጣው እንደሁ የነሱ ነው፣ ጢሱን እንችለዋለን፣ ብቻ የደብሩን ዛፍ ነገር ለጣሊያኖቹ እንዳያነሡ አልሁት።

"ምን ነካዎት አንቱ አበልጄ?" አለኝ። "እኔ እያለሁ? ታቦቷን! ከአፌ አትወጣም።"

አመንሁት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ፤ ተረት ግን ሁልጊዜ ስለ ሌላ ሰው ይመስለናል።

በሦስተኛው ቀን፣ ጎህ ሊቀድ ሲል፣ ወታደሮች መጥረቢያና መጋዝ ይዘው ከማቆሚያው ሲወጡ አየሁ። ከፊታቸው ያ የሱፍ ካፖርት ይሄዳል። ወደ ደብሩ ቅጥር በዋናው በር አልገቡም፤ ከኋላ በዲያቆናቱ መግቢያ ነው የገቡት። ያን መግቢያ የመንደሩ ሰው ካልሆነ አያውቀውም። ጽዱን አልፈው ወይራውን መረጡ፤ የወይራ ፍም እንደሚበረታ ጣሊያን ከየት ያውቃል? ሲገቡ ከኔ በቀር ነቅቶ ያየ ሰው አልነበረም፤ መንደሩ ሲነቃ ካፖርቱ ሄዷል። መጋዙ ሲጀምር አጥሩን ይዤ ቆምሁ። ልጮህ ይገባኝ ነበር። አልጮህሁም።

እስከ ረፋድ ድረስ አሥራ አንድ ወይራ ወደቀ። በሳምንቱ ደግሞ አዲስ ሹም መጣ፤ በፍም አላምንም፣ ካሚዮኖቼን ታቃጥሉብኛላችሁ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ ይደር ብሎ አዘዘ። የተረፈው ወይራችን ለሹሙ ቤት ምድጃ ማገዶ ሆነ። ጢሱም ወደ ልጄ መኝታ ተመለሰ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው እኔ ነኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገበዙና ሽማግሎቹ አውጫጭኝ ጠሩ። አውጫጭኝ ሲጠራ የመንደሩ ወንድ ሁሉ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ ውሃ ልጠጣ ብሎ መነሣት እንኳ የለም። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር። ወታደሮቹን በኋላው በር የመራቸው ማን ነው?

አበልጄ ከኔ ሦስት ሰው አልፎ ተቀምጧል። ካፖርቱን ቤቱ ትቶ ጋቢ ለብሶ መጥቷል። እኔ አንገቴን ደፍቼ ዝም አልሁ። ስሙን መጥራት ልጄን የታቀፈበትን ክንድ መክሰስ ነው። ፈርቼ አልነበረም። እሱ ራሱ ይነሣል ብዬ ነበር የምጠብቀው። "እኔ ነኝ፣ ተገድጄ ነው" ቢል ኖሮ አጠገቡ ቆሜ በለመንሁለት፣ ከተቀጣም አብሬው በተቀጣሁ። ፀሐይ ከአናታችን አልፋ ዞረች። ሰው ተራበ። እኔ ግን እሱን እጠብቃለሁ።

በመጨረሻ ተነሣ። ደስ አለኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልሁ በልቤ።

"አባቶቼ" አለ። "አበልጄ ስለሆኑ እስካሁን አፌን ያዝሁ። ታቦት ግን ከአበልጅ ይበልጣል። ለጣሊያን እሳቱን ያስተማረው ማን ነው? ሌሊት ሌሊት ከወታደር ጋር የሚዞረውስ? እኔ የተባልሁትን ከማስተርጎም ሌላ ምን አውቃለሁ?"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እሳቱን ማስተማሬን የማያውቅ አልነበረም። ገበዙ፣ "ልጄ፣ እውነት ነው?" አሉኝ። ከተከሰሰ በኋላ የሚከስስን ሰው ማን ያምነዋል? "እሳቱን አስተምሬአለሁ፣ በሩን ግን..." ብዬ ጀመርሁ። "አስተምሬአለሁ" ካልሁ በኋላ ያለውን የሰማኝ የለም። ገበዙ እስኪፈቱኝ ድረስ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ እንዳስቀድስ፣ በተቆረጠውም ፈንታ ችግኝ ተክዬ እንዳጠጣ ፈረዱብኝ።

ያን ዕለት ማታ አበልጄ ቤቴ ድረስ መጥቶ ከደጅ ክንዴን ያዘኝ።

"አይቀየሙኝ አንቱ አበልጄ" አለኝ ቀስ ብሎ። "እርስዎ ደግ መሆንዎን አገር ያውቃል፤ ይምሩዎታል። እኔ ብሆን ግን ጫካ ያሉት አርበኞች አንገቴን ይቆርጡኝ ነበር።"

ልመታው ይገባኝ ነበር፤ እጄ አልነሣ አለኝ። አሳልፎ መስጠቱ ብቻ አልነበረም ያንገበገበኝ። ተዘጋጅቶበት መምጣቱ ነው። ደግነቴን መዝኖ፣ ዝምታዬን አስልቶ፣ ስንት እንደምችል አውቆ ነው የጫነብኝ፤ ሰው አህያውን እንደሚጭን። ሚስቴ ከውስጥ "ማን ነው?" አለች። "ማንም አይደለም" አልኋትና በሩን ዘጋሁት።

ያለው አልቀረም፤ ማሩኝ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ገበዙ ራሳቸው እጄን ይዘው ወደ ቅጥሩ አስገቡኝ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ሚስቴ አለቀሰች፣ አበልጄም ሰው ፊት ጉንጬን ሳመኝ። አላደረግሁም ለማለት ያን ቀን ሞክሬ ነበር፤ ሽማግሎቹ "ተወው፣ አልፏል፣ አልፏል" እያሉ አፌን በምርቃት ዘጉት። ይቅር የተባለ ሰው ንጹሕ ነኝ ቢል ምስጋና ቢስ ይባላል።

ልጄ አሁን ባለ ትዳር ነው። ባለፈው ሰሞን አጠገቤ ተቀምጦ ሲያጫውተኝ ቆየና፣ ሊያጽናናኝ ፈልጎ፣ እጄን ያዘኝ።

"አባቴ፣ እኔ በአንቱ አፍሬ አላውቅም" አለኝ። "አጥፍቶ ንስሐ የገባ ሰው ካላጠፋው ይበልጣል። ይህን ያስተማሩኝ የክርስትና አባቴ ናቸው።"