ጣት የናቀ ፊርማ

ጋሼ ሙላቴ ደብረ ታቦር መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት ሲሠሩ የሚወራላቸው ሥራቸው ሳይሆን ፊርማቸው ነበር። መጀመሪያ እጃቸውን አየር ላይ ሁለቴ ያሽከረክራሉ፤ ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ አንገቷን የቆለመመች ወፍ ቁጭ! ገበሬ ሲመጣ ደግሞ አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ ይጫኑና በአፍንጫቸው፣ «ይህንንማ በጌም በሰኮናው ይፈርመዋል!» ይላሉ። የእብናቱን ገበሬ ወንድማቸውን ይሻውን እንኳ አልማሩትም።

አንዴ የመንገድ ሥራው ቻይና ለጉዳይ መጥቶ ፊርማቸውን ሲያይ አፉን ከፈተ። በአስተርጓሚ፣ «በእኛ አገር ድሮ ሹማምንት ስማቸውን አበባ አስመስለው ይፈርሙ ነበር። ጃፓኖችም ከእኛ ወሰዱ፤ አንዱ መስፍን እንደ እርስዎ ወፍ አደረገው። ብዕር ያልሆነለት ሹም ደግሞ ፊርማውን በእንጨት አስቀርጾ ይመታ ነበር» አላቸው። ከዚያ ወዲያ ጠላ ቤት ወሬያቸው ሁሉ «እኔና የጃፓኑ መስፍን» ሆነ።

ጡረታ ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን መታቸው። ልጅ የላቸውም። ያጠበቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው ደሳለች ናት፤ ለቤት ሥራ ተቀጥራ ገብታ አሥራ ሁለት ዓመት የኖረች። «ቤቱን ላንቺ ሳልፈርምልሽ አልሞትም» አሏትና በባጃጅ ተጭነው ወደ ድሮ ቢሯቸው ሄዱ።

መስኮቱ ላይ ያለው ፋሲል ነው፤ ሥራ ያስለመዱት ልጅ። ፈረሙ። ወፏ የተረገጠች እንቁራሪት ሆና ወጣች።

«ጋሼ፣ ፋይሉ ላይ ካለው ጋር አይመሳሰልም።»

«አንተ! እኔን አታውቀኝም?»

«እርስዎንማ አውቃለሁ፤ ፊርማውን ነው ያላወቅኩት። ግድ የለም፣ ጣትዎን ያሳርፉ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።»

«ጣት? እኔ?» ብለው ወጡ።

ቻይናው ትዝ አላቸው። ጋፋት መስቀል የሚቀርጽ ሰው ዘንድ ልከው ወፏን በወይራ አስቀረጿት። ተመልሰው ሄደው ወረቀቱ ላይ ጧ! አደረጓት። ፋሲል ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «ይህን ማንም አንስቶ ይመታዋል ጋሼ። ጣትዎ ግን የእርስዎ ብቻ ነው» አለ።

ደሳለች እግራቸው ላይ ወደቀች። «አባዬ በሞቴ፣ ጣትዎን!»

«ተነሽ! እስከ ፍልሰታ እጄ ይመለሳል።»

አልተመለሰም። በሐምሌ ዝናብ ቀበርናቸው። ፍራሻቸው ሥር አንድ ደብተር ሙሉ ክንፏ የተሰበረ ወፍ ተገኘ።

ይሻው ከእብናት መጣ፤ ወራሽ እሱ ነዋ። ደሳለች ሻንጣዋን ይዛ ቢሮው ደጅ ቆማ ታያለች። ይሻው አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ ነከር፣ ወረቀቱ ላይ ጫን አደረገ። እውነትም አንድ ደቂቃ አልፈጀም።