ትከሻ ቀይር!

ትናንት ጎረቤቴ ቁም ሳጥን ሲያስገባ፣ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ደረጃው ላይ «ትከሻ ቀይር!» ብሎ ጮኸ። ቤቴ ውስጥ ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እህቴ የሺ በአሥራ አምስት ዓመቷ የመጀመሪያዋን ልትወልድ እናታችን ቤት መጥታ፣ ምጡ ሁለት ቀን አለፈው። የመንደሩ ጎረምሶች በቃሬዛ አነሷትና ሙጃ ጤና ጣቢያ ሊያደርሷት ዳገቱን በሩጫ ተያያዙት። አምና በሰርጓ የጨፈሩት እነሱው ናቸው። «ትከሻ ቀይር!» ይባባላሉ፤ የደከመው ወጥቶ ሌላው ይገባል። እናቴም ተከተለቻቸው።

ከእኔ ጋር የቀሩት አዋላጇ እማማ ድንቄ፣ «ሲድሯት አጥንቷ ገና ነው ብያቸው ነበር» እያሉ እጃቸውን ደጋግመው ይታጠባሉ። አጥንትም እንደ ገብስ ጊዜውን ጠብቆ የሚደርስ መሰለኝ።

በማግስቱ ቃሬዛው ቁልቁል ሲመለስ አየሁት። ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት። ከኋላ እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ትከተላለች። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ፤ ደጃችን እስኪደርሱ ድረስ ትከሻ ቀይር ያለ አልነበረም።

ደረጃው ላይ ድምፁ ድንገት ጠፋ። በሬን ከፍቼ፣ «ምነው ዝም አላችሁ? ቀይሩ እንጂ!» አልኳቸው።

ቁም ሳጥኑን አስቀምጠው ውኃ እየጠጡ ነበር።